ባዶ የነበሩት ሌኖች፦ ከተማን ከሀሪኬን ፊት የማስወጣት ታሪክ

እስቲ ለአንድ አፍታ የአንድ የባሕር ዳርቻ ግዛት አገረ ገዥ እንደሆናችሁ አስቡ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ሀሪኬን፣ ማለትም በሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚፈጠር ግዙፍ አውሎ ነፋስ፣ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ባለሙያዎቹ «ሰኞ ጠዋት ሳይደርስ አይቀርም» ይሏችኋል። «የት?» ስትሏቸው ካርታው ላይ ሰፊ ቦታ ያሳዩአችኋል። አሁኑኑ ሕዝቡን «ውጣ» ብትሉትና ነፋሱ አቅጣጫ ቢቀይር፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ በሽተኛው ከአልጋው ተነስቶ፣ ሰው መንገድ ላይ አድሮ፣ ሁሉም በከንቱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜም ብዙ ሰው አይሰማችሁም። እስከ እሑድ ብትጠብቁ ደግሞ መንገዱ አይበቃችሁም። ምን ታደርጋላችሁ?

ጥያቄው የፖለቲካ ውሳኔ ይመስላል፤ ነውም። ከሥሩ ግን የመንገድ ሒሳብ አለ። እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሒሳብ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በሉዊዚያና ግዛት፣ ከአደጋ ወደ አደጋ እንዴት እየታረመ እንደመጣ እናያለን። ሒሳቡ ጥሩ ሆኖ ተሠርቶ ሳለም ሰው ከሒሳቡ ውጭ እንዴት እንደቀረ እናያለን። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስንት ሰዓት አለን?

ለምሳሌ ያህል አንድ ሚሊዮን ሰው ይውጣ እንበል። ለአንድ መኪና በአማካይ ሁለት ሰው ተኩል ብንመድብ 400,000 መኪና ይሆናል። ከከተማው የሚያወጡት አውራ ጎዳናዎች በድምሩ 10 ሌን አላቸው እንበል። አንድ የሃይዌይ ሌን በደህና ቀን በሰዓት ወደ 2,000 መኪና ማሳለፍ ይችላል። ይህ ግን ደህና ቀን አይደለም። መኪናው ሁሉ ዕቃ ጭኗል፣ ነዳጅ የሚጨርስ አለ፣ የሚጋጭ አለ። መንገዱ ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ደግሞ ፍሰቱ ራሱ ይወድቃል። ስለዚህ በሰዓት 1,200 ብንል ይሻላል። 400,000ን ለ12,000 አካፍሉት፤ 33 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ያውም ሌሊቱን ጨምሮ፣ ሰው በመንገዶቹ ላይ እኩል ተከፋፍሎ፣ ማንም ሳያመነታ ነው።

ሰዓቱ የሚያበቃውስ መቼ ነው? ብዙ ሰው የሀሪኬኑ ዓይን የብስ ሲነካ ይመስለዋል። አይደለም። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ በተለይ ድልድይ ላይ፣ አውቶብስና የጭነት መኪና መንዳት አደገኛ ይሆናል። ይህ ነፋስ ደግሞ ከዓይኑ ብዙ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ዓይኑ ሰኞ ጠዋት የሚደርስ ከሆነ መንገዱ እሑድ አመሻሽ ላይ ያበቃል እንበል። ከዚያ 33 ሰዓት ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ትደርሳላችሁ። ውሳኔውና ዝግጅቱ ከዚያም መቅደም አለባቸው፤ ማለትም ዓርብ። ዓርብ ላይ ደግሞ ትንበያው ገና አልጠራም፤ በ2005 አካባቢ የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል የ48 ሰዓት ትንበያ በአማካይ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይስት ነበር። እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው፦ እርግጠኛ እስክትሆኑ ከጠበቃችሁ፣ እርግጠኛ በሆናችሁበት ሰዓት መንገዱ አልቋል።

ፍሎይድ፣ 1999

በሴፕቴምበር 1999 ሀሪኬን ፍሎይድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሲገሰግስ ከፍሎሪዳ እስከ ሰሜን ካሮላይና ድረስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ። ከደቡብ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ኮሎምቢያ በኢንተርስቴት 26 በደህና ቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ያን ቀን ከ15 ሰዓት በላይ የፈጀባቸው ነበሩ። ሕፃን ይዘው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ መጸዳጃ ቤት በሌለበት።

ሕዝቡን ያንገበገበው ግን ሰልፉ ብቻ አይደለም። ከመሐል አጥሩ ማዶ ወደ ባሕሩ የሚወስዱት ሌኖች ባዶ ሊባሉ በሚችሉበት ሁኔታ ተዘርግተው ይታዩ ነበር። ወደ ሀሪኬን የሚነዳ ማን አለ? «ለምን እነዚያንም አይከፍቱልንም?» የሚለው ጥያቄ በአገረ ገዥው በጂም ሆጅስ ላይ ወረደ። ጎረቤት ጆርጂያ በዚያው አደጋ በኢንተርስቴት 16 ላይ ይህንኑ አድርጋ ነበር። ፍሎይድ በመጨረሻ ሴፕቴምበር 16 ሰሜን ካሮላይናን መታ። ከዚያ በኋላ የባሕር ዳርቻ ግዛቶች ተራ በተራ የ«ኮንትራፍሎው» ዕቅድ ማውጣት ጀመሩ፤ መንገዱን በሁለቱም ወገን ወደ ውጭ ብቻ እንዲፈስ መገልበጥ ማለት ነው።

ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን አይደለም። በየመግቢያው ፖሊስ መቆም አለበት፤ አንድ መኪና እንኳ በተቃራኒው ከገባ ዕልቂት ነው። የትራፊክ ምልክቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋችኋል። አምቡላንስና ነዳጅ የጫነ ቦቴ ወደ ከተማው መግቢያ ስለማይኖራቸው ቀድመው መግባት አለባቸው። ከሁሉም የሚከፋው መጨረሻው ነው፦ የተገለበጡት ሌኖች የሆነ ቦታ ላይ ከመደበኛው መንገድ ጋር መቀላቀል አለባቸው፤ በደንብ ካልታሰበበት ሰልፉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በዚህ ሁሉ ምክንያት አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ የዕቅድ ባለሙያዎች የሚይዙት ጭማሪ ወደ 70 በመቶ ነው።

አይቫንና «ፓም»፣ 2004

ሉዊዚያና ይህን በራሷ ላይ ያየችው በሴፕቴምበር 2004 ሀሪኬን አይቫን ሲመጣ ነው። ኮንትራፍሎው ተከፈተ፤ ሆኖም ከኒው ኦርሊንስ ወደ ባተን ሩዥ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለብዙ ሰው 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ወሰደ። አይቫን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አላባማን መታ። ሉዊዚያና ተረፈች፤ ትምህርቱ ግን ቀረላት። ችግሩ የመንገዱ ስፋት ብቻ አልነበረም፤ ፍሰቶቹ የሚገናኙባቸው ቦታዎችና ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ መውጣቱም ጭምር ነበር።

ዕቅዱ እንደገና ተሠራ። መውጫው በተራ እንዲሆን ተደረገ፦ ለባሕሩ በጣም ቅርብ የሆኑት ኃይለኛው ነፋስ ሊደርስ 50 ሰዓት ሲቀረው፣ ቀጥሎ ያሉት 40 ሰዓት ሲቀረው፣ ኒው ኦርሊንስና አካባቢዋ 30 ሰዓት ሲቀረው። ኮንትራፍሎው የሚከፈተው በሦስተኛው ዙር ብቻ ነው። መኪናው ሁሉ ወደ ባተን ሩዥ እንዳይጎርፍ ደግሞ ከፊሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚሲሲፒ ግዛት እንዲገባ ታቀደ። ይህ የሌላ ግዛት ፖሊስና የሌላ አገረ ገዥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መንገዱ የግዛት ድንበር ላይ ቢቆም ዋጋ የለውም።

ከአይቫን ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 2004፣ ባተን ሩዥ ውስጥ የፌዴራል፣ የግዛትና የአካባቢ ኃላፊዎች አምስት ቀን ተቀምጠው «ፓም» በተባለ የፈጠራ ሀሪኬን ላይ ልምምድ አድርገው ነበር። ፓም ኒው ኦርሊንስን ያጥለቀልቃል፤ ብዙ ሰውም ሳይወጣ ይቀራል ተብሎ ነው የታሰበው። ከልምምዱ የመጣው ዕቅድ ግን እውነተኛው ሀሪኬን ሲደርስ ገና አላለቀም ነበር።

ካትሪና፣ 2005

ዓርብ ኦገስት 26 አገረ ገዥ ካትሊን ብላንኮ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ኮንትራፍሎው ተከፈተ። ቅዳሜ ማታ የብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከሉ ዳይሬክተር ማክስ ሜይፊልድ ራሳቸው ለአገረ ገዥዋና ለኒው ኦርሊንሱ ከንቲባ ሬይ ናጊን ደወሉ። እሑድ ጠዋት ከንቲባው የግዴታ ልቀቁ ትእዛዝ ሰጡ፤ በከተማዋ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። እሑድ በ11 ሰዓት ኮንትራፍሎው ተዘጋ። ሰኞ ኦገስት 29 ማለዳ ካትሪና ደረሰ።

በመንገድ መሐንዲስ ዓይን ካያችሁት ይህ ስኬት ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ፤ ፍሰቱም ከአይቫን ጊዜ እጅግ የተሻለ ነበር። የአንድ ዓመት እርማት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕይወት አትርፏል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ጎደለ? እኔ የትራፊክ ሲሙሌሽን ስሠራ ኮምፒውተሩ ላይ የሚንቀሳቀሰው እያንዳንዱ ነጥብ መኪና ነው። ነጥቦቹ ሁሉ ከወጡ ፕሮግራሙ «ከተማው ባዶ ነው» ይለኛል። መኪና የሌለው ሰው ነጥብ የለውም። በ2000 ቆጠራ መሠረት ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከአራት ቤተሰብ ከአንድ በላይ የሚሆነው መኪና አልነበረውም። ወሩም ሊያልቅ ነው፤ ከደመወዝ ወደ ደመወዝ ለሚኖር ሰው የሆቴልና የነዳጅ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከተማው ውስጥ ቀረ። «የመጨረሻ መጠለያ» ተብሎ የተከፈተው ሱፐርዶም ስታዲየም ተጨናነቀ። ከዚያ በኋላ ዓለም ያየው አንድ ፎቶ አለ፦ በረድፍ የቆሙ የትምህርት ቤት አውቶብሶች በውኃ ተውጠው። ፎቶውን ያየ ሁሉ «ለምን አልተጠቀሙባቸውም?» ይላል። ግን አውቶብስ ብቻውን ዕቅድ አይደለም። ቤተሰቡን ይዞ ያልሸሸ ሹፌር ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ይፈልጋል፣ የሚያራግፍበት መጠለያ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በዚያ ቅዳሜ አይፈጠርም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ከተማዋን 80 በመቶ ያጥለቀለቀው የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ መደርመስ ነው፤ ያ ደግሞ የንድፍና የግንባታ ጉድለት ታሪክ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ውኃው የገደለው ግን እዚያ የቀረውን ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ከሞቱት ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነበሩ።

ሪታ፦ ከመጠን በላይ መውጣት

ሦስት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ሀሪኬን ሪታ ወደ ቴክሳስ መጣ። የካትሪና ምስል ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም። ሂዩስተንና አካባቢዋ ነቅለው ወጡ፤ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ያላነሰ ሰው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ውኃ በማይደርስበት ሰፈር የሚኖሩ፣ ማንም ውጡ ያላላቸው ነበሩ። ሰልፉ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ረዘመ፤ ነዳጅ አለቀ፤ ሙቀቱም ከባድ ነበር። ኢንተርስቴት 45ን መገልበጥ የታሰበው ሰልፉ ከተፈጠረ በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰዓት ፈጀ። ዳላስ አቅራቢያ አረጋውያንን ከመጦሪያ ያወጣ አውቶብስ በእሳት ተያይዞ 23 ሰው ሞተ። ቴክሳስ ውስጥ መውጣቱ ራሱ ከነፋሱና ከውኃው ይልቅ ብዙ ሰው ገደለ።

በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች የሚሉት አንድ አባባል አለ፦ ከውኃው ሽሹ፣ ከነፋሱ ተሸሸጉ። ጎርፍ የማይደርስበት ጠንካራ ቤት ያለው ሰው ቤቱ ቢቀመጥ መንገዱን ለሌላው ይለቃል። ከሪታ በኋላ የሂዩስተን አካባቢ በፖስታ ቁጥር ተከፋፈለ፤ ማን መቼ እንደሚወጣ፣ ማንስ እንደሚቆይ ቀድሞ እንዲያውቅ።

ሰው መቁጠር

በ2006 የአሜሪካ ኮንግረስ የመውጫ ዕቅዶች የቤት እንስሳትንም እንዲያካትቱ ሕግ አወጣ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ካትሪና ሲመጣ ውሻዬን ትቼ አልሄድም ብለው የቀሩ ብዙዎች ነበሩ። በ2008 ሀሪኬን ጉስታቭ ሲመጣ ከደቡብ ሉዊዚያና ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወጣ፤ ኒው ኦርሊንስም መኪና የሌላቸውን ብዙ ሺህ ነዋሪዎች በአውቶብስና በባቡር አወጣች። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ በ17 ቦታዎች ላይ እጁን ወደ ላይ ያነሳ ሰው የሚመስል የብረት ሐውልት ቆሟል። መኪና የሌለው ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ እዚያ ይሄዳል፤ ከዚያ ይወሰዳል። አድራሻ ማስታወስ አያስፈልገውም፤ ከሩቅ ይታያል።

አልቋል ማለት ግን አይደለም። በኦገስት 2021 ሀሪኬን አይዳ ከተፈጠረ ሦስት ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እጅግ በርትቶ፣ ልክ በካትሪና 16ኛ ዓመት፣ ሉዊዚያናን መታ። የከተማዋ ዕቅድ 72 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያን ያህል ሰዓት አልነበረም። ስለዚህ በግንቦቹ ውስጥ ለሚኖረው ሕዝብ የግዴታ ትእዛዝ አልተሰጠም፤ መንገድ ላይ ነፋሱ ከሚይዘው ቤቱ ይቆይ ተባለ። ካትሪና ካለፈ በኋላ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የተሠሩት መከላከያዎች ውኃውን ያዙ። መብራት ግን በመላው ከተማ ጠፋ፤ ነፋሱ ካለፈ በኋላ በነበሩት የሙቀት ቀናት ከሞቱት መካከልም አረጋውያን ነበሩ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ እናንተም አገረ ገዥ ናችሁ። መንገዱን መገልበጥ አሁን ታውቃላችሁ። መኪናዎቹን ከመቁጠራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከዚህ ከተማ ለመውጣት ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚፈጅበት ሰው ማን ነው? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ከሆኑ፣ ማን ይደውልላቸዋል? ማን ያወርዳቸዋል? አውቶብሱን ማን ይነዳዋል? የትስ ያድራሉ? የሰዓት ቆጠራው መጀመር ያለበት ከእሳቸው ነው፤ መኪና ያለው በኋላም ይደርሳል።