ኢኮኖሚክስ የራሱን ዲግሪ እንዴት አገኘ

ኢኮኖሚክስ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1727 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ቀዳማዊ በሃሌ ዩኒቨርሲቲና በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ሁለት አዳዲስ የፕሮፌሰርነት ወንበሮች አቋቋሙ። የፈለጉት ሊቃውንት ማብዛት አልነበረም፤ የዘውዱን እርሻና ደን፣ ግብሩንና ግምጃ ቤቱን ሳያባክን የሚይዝ ሹም ነበር። በ1754 በኔፕልስ የተከፈተው ወንበር ግን ሌላ መልክ ነበረው። ገንዘቡን የሰጠው ባርቶሎሜዎ ኢንቲዬሪ የተባለ የርስት አስተዳዳሪ ሲሆን፣ ትምህርቱ በላቲን ሳይሆን ነጋዴውም ገበሬውም በሚሰማው በጣልያንኛ እንዲሰጥ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የመጀመሪያው መምህር አንቶኒዮ ጄኖቬዚ ራሱ ካህን ነበር፤ ሆኖም ኢንቲዬሪ ከእርሱ በኋላ ከቤተ ክህነት የሚመጣ ሰው በወንበሩ ላይ እንዳይቀመጥ አስቀድሞ ከልክሏል። በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ ይደመጣል እንጂ ማንም «የኢኮኖሚክስ ምሩቅ» ተብሎ አይወጣም ነበር።

በእንግሊዝ ትምህርቱን የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ኩባንያ ነው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወደ ሕንድ የሚልካቸውን ወጣት ሹማምንት የሚያሠለጥንበት ኮሌጅ ሲያቋቁም፣ በ1805 ቶማስ ማልተስን የታሪክና የፖለቲካል ኢኮኖሚ (ኢኮኖሚክስ በዚያን ዘመን የሚጠራበት ስም) መምህር አድርጎ ቀጠረ። ኮሌጁ ብዙም ሳይቆይ ሄይልበሪ ወደተባለው ስፍራ ተዛወረ፤ ማልተስም በ1834 እስኪሞት ድረስ እዚያው አስተማረ። ተማሪዎቹ ከ16 ዓመት ጀምሮ ያሉ፣ በረብሻ ስማቸው የሚነሣ ጎረምሶች ነበሩ። መምህራቸውን ስለ ሕዝብ ብዛት በጻፈው መጽሐፍ የተነሣ «ፖፕ» ይሉታል። መማሪያቸው የአዳም ስሚዝ መጽሐፍ ነበር፤ ማልተስ ከየምዕራፉ ጥያቄ እያወጣ ይጠይቃቸዋል።

ከእነዚህ ጎረምሶች አንዱ ሮበርት ኪት ፕሪንግል ነበር። ማልተስ ስለ መሬት ኪራይ ያስተማረውን በሚገባ ይዞ ወደ ቦምቤይ ግዛት ተሻገረ፤ በ1820ዎቹ መጨረሻም የደካን አውራጃዎችን የመሬት ግብር እንዲተምን ታዘዘ። ንድፈ ሐሳቡ የሚለው፣ ከመሬቱ ምርት የገበሬው ወጪና ድካም ተቀንሶ የሚተርፈው ኪራይ ስለሆነ መንግሥት ከዚያ ላይ ቢወስድ እርሻው አይጎዳም ነው። ፕሪንግል መሬቱን በየደረጃው ለክቶ፣ የየማሳውን ወጪና ገቢ አስልቶ፣ ከተጣራው ምርት 55 ከመቶውን ግብር አደረገው። ስሌቱ በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ልኬታውን የሠሩት የታች ሹሞች ግን ጉቦ ይቀበሉ ነበር፤ የእህል ዋጋም ወደቀ፤ ብዙ ገበሬ ማሳውን ጥሎ ሄደ። በ1830ዎቹ አጋማሽ ቅየሳው እንደ አዲስ እንዲጀመር ሆነ። ከክፍል የወጣ የኢኮኖሚክስ ትምህርት በአገር ላይ ሲፈተን ከታዩት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው፤ ክፉኛ የወደቀውም መምህሩ አልነበረም፣ ተማሪውም አልነበረም፣ ስለ ፈተናው ያልተጠየቀው ገበሬ ነበር።

አንጋፋዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አልተቻኮሉም። ኦክስፎርድ በ1825 ናሶ ሲኒየርን የመጀመሪያው የፖለቲካል ኢኮኖሚ ፕሮፌሰር አደረገ። በካምብሪጅ ጆርጅ ፕራይም ከ1816 ጀምሮ ያስተምር ነበር፤ የፕሮፌሰርነቱን ማዕረግ ያገኘው በ1828 ነው። በ1863 የተተካው ሄንሪ ፎሴት በወጣትነቱ በአደን ላይ በተተኮሰ ጥይት ዓይኑን ያጣ፣ የፓርላማ አባልም የሆነ ሰው ነበር። እነዚህ ሁሉ ያስተማሩት ለዲግሪ ብቻውን የማይበቃ ትምህርት ነው። በካምብሪጅ ፖለቲካል ኢኮኖሚ የ«ሞራል ሳይንስ» ፈተና አንድ ቅርንጫፍ ነበር፤ ሊማረው የፈለገ ሰው ሎጂክን፣ ሥነ ልቡናንና ሥነ ምግባርን አብሮ መሸከም ነበረበት።

ይህን የለወጠው አልፍሬድ ማርሻል ነው። በ1865 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ሁለተኛ የወጣው ማርሻል በ1885 የፎሴትን ወንበር ያዘ፤ ከዚያም 18 ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ለመነ፤ ኢኮኖሚክስ ራሱን ችሎ ሦስት ዓመት የሚጠና ትምህርት እንዲሆን። ተቃዋሚዎቹ ደካማ ምክንያት አልነበራቸውም። ትምህርቱ ገና ያልበሰለ ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ፍልስፍናም ታሪክም ሳይማር በዋጋና በደሞዝ ጥያቄ ላይ ሦስት ዓመት ቢያጠፋ አእምሮው ይጠባል፤ ዩኒቨርሲቲውም ወደ ሱቅ ይለወጣል የሚሉ ነበሩ። ማርሻል በ1902 ባሳተመው ጽሑፍ የፋብሪካና የንግድ ቤት ወራሾች ለሥራቸው የሚረባ ነገር ካላገኙ ወደ ካምብሪጅ እንደማይመጡ፣ ለመንግሥት ሥራና ለበጎ አድራጎት የሚታጩትም እንዲሁ ያለ ዕውቀት እንደሚቀሩ ተከራከረ። በ1903 ሴኔቱ ፈቀደ። ስሙ ረጅም ነበር፤ «የኢኮኖሚክስና የተጓዳኝ የፖለቲካ ሳይንስ ዘርፎች ትራይፖስ»፤ ትራይፖስ ማለት በካምብሪጅ ለዲግሪ የሚያበቃ ፈተና ነው። የመጀመሪያው ፈተና በ1905 ተሰጠ።

የዚያ ዘመን ፈተና ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ሒሳብ የለውም ማለት ይቻላል። ተማሪው የቅርብ ዘመን የኢኮኖሚ ታሪክ፣ የዘመናዊ መንግሥት አወቃቀርና ጠቅላላ የኢኮኖሚክስ መርሆዎች ይማራል፤ ድርሰት ይጽፋል። ይህ ከማርሻል አለመቻል የመጣ አይደለም። በ1890 ባሳተመው ትልቁ መጽሐፉ ሒሳቡን ወደ አባሪና ወደ ግርጌ ማስታወሻ ገፍቶታል፤ ነጋዴው ካልገባው ምን ይረባል ባይ ነበር። የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮች የሚቆራረጡበት፣ ዛሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ወር የሚስለው ሥዕል በሰፊው የተሠራጨው በእርሱ እጅ ነው፤ እርሱ ግን ከግርጌ ማስታወሻ በላይ ቦታ አልሰጠውም።

ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን ፈቀደ እንጂ በቂ ገንዘብ አልመደበለትም። ማርሻል ከኪሱ በዓመት 100 ፓውንድ እየከፈለ ወጣት መምህር አቆመ፤ ያ ወጣት አርተር ፒጉ ነው። በ1908 ማርሻል ጡረታ ሲወጣ ፒጉ በ30 ዓመቱ ተተካ፤ እርሱም በተራው ለጆን ሜናርድ ኬንስ ከኪሱ መክፈል ጀመረ። ኬንስ በ1905 የተመረቀው በሒሳብ ሲሆን 12ኛ ነበር የወጣው፤ ኢኮኖሚክስን ከማርሻል ዘንድ የተማረው በዚያው ዓመት መጸው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በኢኮኖሚክስ ስሙ ከማንም በላይ የተነሣው ሰው የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አልነበረውም።

በሴቶች ጉዳይ ማርሻል የሚመሰገንበት የለም። ባለቤቱ ሜሪ ፔሊ በ1874 የሞራል ሳይንስን ፈተና ከተፈተኑት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች፤ በ1879 የወጣውን የመጀመሪያ መማሪያ መጽሐፍም አብራው ጽፋለች። እርሱ ግን በ1896 ካምብሪጅ ለሴቶች ዲግሪ እንዳይሰጥ ከተቃወሙት ጋር ቆመ። ሙሉ ዲግሪ ለሴቶች የተፈቀደው በ1948 ነው። በ1925 የኢኮኖሚክስ ፈተናዋን የጨረሰችው ጆአን ሮቢንሰን እንኳ፣ በኋላ የትምህርት ክፍሉ ፕሮፌሰር ለመሆን ብትበቃም፣ ስትመረቅ እንደ ወንዶቹ ሙሉ ዲግሪ አልተሰጣትም። ሜሪ ማርሻል ባሏ በ1924 ከሞተ በኋላ በመጻሕፍቱ በተደራጀው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ደሞዝ እስከ እርጅናዋ አገለገለች።

ለንደን ቀድማ ነበር። በ1895 የተቋቋመው የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን በኢኮኖሚክስ የሳይንስ ባችለር ዲግሪ በ1901 ተጀመረ፤ ከካምብሪጅ ሁለት ዓመት ቀድሞ። በማታ ክፍል የሚማሩ ሠራተኞችን፣ በኋላም ከቅኝ ግዛቶች የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀበለ። በ1933 ከሴንት ሉሲያ ደሴት የመጣው አርተር ሉዊስ መሐንዲስ መሆን ይመኝ ነበር፤ በደሴቱ ጥቁር መሐንዲስ የሚቀጥር ስላልነበረ የንግድ ትምህርት መረጠ። በ1937 ተመረቀ፤ በማግሥቱ ዓመት የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር መምህር ሆነ፤ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የገጠር ጉልበት ወደ ፋብሪካ የሚፈስበትን መንገድ የሚያስረዳው ሞዴሉ ዛሬ የልማት ኢኮኖሚክስ ኮርስ የሚጀመርበት ነው።

ዲግሪው ከእንግሊዝ ወጣ፤ የዛሬው ኮርስ ቅርጽ ግን የተሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ መሐንዲሶች በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓመት ኢኮኖሚክስ በግዴታ ይማሩ ነበር፤ ይጠሉትም ነበር። በ1945 የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራልፍ ፍሪማን የ30 ዓመቱን ፖል ሳሙኤልሰን ተማሪዎቹ የሚወዱት መጽሐፍ እንዲጽፍ፣ ለዚህም የማስተማር ጫናው እንዲቀነስለት ጠየቀው። ሳሙኤልሰን ለምሁራን የሚሆን ከባድ የሒሳብ ሥራ የያዘ ሰው ነበር። መጽሐፉ ሦስት ዓመት ፈጀበት፤ በ1948 ታተመ።

አንድ ዓመት ቀድሞ ሎሪ ታርሺስ የተባለ ኬንስን በካምብሪጅ ያዳመጠ ካናዳዊ የኬንስን ሐሳብ የሚያስተምር ተመሳሳይ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። የኬንስን ሐሳብ በኮሚኒዝም የጠረጠሩ ወገኖች ለየዩኒቨርሲቲው ቦርድ አባላትና ለጋሾች ደብዳቤ ጻፉ፤ መጽሐፉን ያዘዙ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ሳሙኤልሰንም ከዚህ ነቀፋ አላመለጠም፤ ሆኖም የተቋሙ ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተን ከጎኑ ቆመ። ሳሙኤልሰን ራሱም አጻጻፉን አለሳልሶ፣ በሥዕልና በቀመር ሸፍኖ ለመተቸት አስቸጋሪ አደረገው። ስለዚህ ኮርሱን የቀረጸው ቀዝቃዛው ጦርነትም ጭምር ነው፤ ሐሳብን በፖለቲካ ቋንቋ ከመግለጽ በመስመርና በስሌት መግለጽ ዕድሜ ያስረዝም ነበርና።

መጽሐፉ በመጀመሪያ እትሙ ከብሔራዊ ገቢና ከሥራ አጥነት ይነሣና ወደ ገበያ ዋጋ ይሄዳል፤ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ትዝታ ትኩስ ነበርና ተማሪው የሚጠይቀው ያንኑ ነበር። በ19 እትሞች ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ወደ 40 ገደማ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ከ1985 ጀምሮ ዊልያም ኖርድሃውስ ተባባሪ ጸሐፊ ሆነ። ማይክሮና ማክሮ ብሎ ከሁለት ከፍሎ፣ ከየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ አስከትሎ፣ በሥዕል እያስረዳ የሚሄደው የመማሪያ መጽሐፍ ዘይቤ ከእርሱ የተወረሰ ነው። ያልተሳካለትም አለ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሶቪየት ኅብረት ምርት አሜሪካን የሚያልፍበትን ዘመን የሚያሳይ ግራፍ አስገብቶ ነበር። ዘመኑ እየደረሰ ሲሄድ በየአዲሱ እትም ወደ ፊት ይገፋ ነበር እንጂ ግራፉ ለረጅም ጊዜ አልወጣም። በ1989ኙ እትም እንኳ የዕዝ ኢኮኖሚ ሊሠራ እንደሚችል የሶቪየት ልምድ ያሳያል የሚል ሐሳብ ነበረ፤ በ1991 ኅብረቱ ፈረሰ።

በተማሪው ላይ የሒሳብና የኢኮኖሜትሪክስ ድርሻ ሲጨምር ታሪክና የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ እየቀነሱ፣ በብዙ ቦታም የምርጫ ኮርስ እየሆኑ ሄዱ። ተቃውሞውም ከተማሪው ወገን መጣ። በ2000 በፓሪስ ተማሪዎች ኮርሱ ከዓለም የተቆለፈ ነው ብለው አቤቱታ ፈረሙ። በኖቬምበር 2011 በሃርቫርድ 70 ያህል ተማሪዎች ከግሬጎሪ ማንኪው የመግቢያ ክፍል ወጡ፤ ክፍሉ ይማርበት የነበረው የማንኪው መጽሐፍ ከሳሙኤልሰን በኋላ በሰፊው ከተሠራጩት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዌንዲ ካርሊን መሪነት የተጻፈው «ኮር» የተባለ ኮርስ በኢንተርኔት በነፃ ተለቀቀ፤ ከፍላጎትና አቅርቦት ሳይሆን ከኢንዱስትሪ አብዮትና ከሀብት ልዩነት ይጀምራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄዎቹ ከትምህርት ክፍሉ ቀድመው ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ማን እንደሚጎዳ፣ የጉምሩክ ቀረጥ ምን እንደሚያበላሽ በአማርኛ ያስረዳል። ሰውየው ያዩትን ከሥራቸው ነው የጻፉት። ዩኒቨርሲቲው የመጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ከምሩቃኑ ብዙዎቹም ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ወደ ባንክ ይገቡ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ። ሲከፈት የማርክሲስት ሌኒኒስት ፖለቲካል ኢኮኖሚ ወደ ክፍሉ ገብቶ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ተለውጦ፣ መጻሕፍቱም ከምሥራቅ ይመጡ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተመለሰ። በዚያው የለውጥ ሰሞን፣ በ1984 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ከ40 በላይ መምህራን ሲሰናበቱ፣ በዚያው ተምረው በዚያው ያስተማሩት ኢኮኖሚስቱ ዶክተር እሸቱ ጮሌ ከመካከላቸው ነበሩ።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱ ከተማሪዎቹ 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ፤ ኢኮኖሚክስ ከሁለተኛው ወገን ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። የኢኮኖሚክስ ተማሪም ኮርሱን ቢጨርስ እንኳ ዲግሪውን የሚይዘው በዚያ ፈተና ቢያንስ 50 ከመቶ ሲያመጣ ነው።