ስለ ከብት አገር ካርታ

አሮጌ የመሬት ካርታ ደረቅ ነገር ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል እላለሁ። ለምሳሌ በአሜሪካ አገር፤ በነብራስካ፤ የአሸዋ ኮረብታዎች የሚባለውን ምድር እንመልከት። ይህ ወደ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፤ አሸዋው ሣር የለበሰ የከብት አገር ነው። በ1879 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ባወጣቸው ካርታዎች ላይ የምድሩ ከፍታ በቡናማ መስመር፤ ውሃው በሰማያዊ፤ የሰው ሥራ በጥቁር ይታያል።

አንባቢ ሆይ፤ ጥቁሩን ከሰማያዊው ጋራ አስተያየው። የአርቢው ቤት በወንዝ ዳር ወይም በኮረብቶቹ መካከል ባለው ሸለቆ ነው። ከዚያ ርቆ በባዶው መስክ ላይ፤ ለከብት ውሃ ከጉድጓድ የሚስበው የነፋስ መዘውር ምልክት ብቻ ተበትኖ ይገኛል። በዚያ አገር ሀብት ማለት ውሃ ነበረና፤ ወንዙን የያዘ ሰው በዙሪያው ያለውን የመንግሥት ግጦሽ ሁሉ እንደ ርስቱ ያዝበት ነበር።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ በ1862 በሻይሎ ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣው ጆን ዌስሊ ፓወል ነው፤ ኋላም የዚሁ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኗል። በ1878 ባቀረበው ጽሑፍ፤ በደረቅ አገር የግጦሽ ይዞታ ከ2,560 ኤከር እንዳያንስ፤ ወሰኑም ምድሩን ተከትሎ ለእያንዳንዱ ውሃ እንዲደርሰው አሳሰበ። ሸንጎው አልተቀበለውም። የ1862ቱ ሕግ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ የ1904ቱ የኪንኬይድ ሕግ በዚህ አገር 640 አደረገው። ይህ በእኛ ልክ ስድስት ጋሻ ተኩል ያህል ስለ ሆነ ለአራሽ ብዙ ነው፤ በአሸዋ ላይ ከብት ለሚያረባ ግን አይበቃም። ወሰኑንም በአራት ማዕዘን ቀየሱት፤ መቸም አሸዋ አራት ማዕዘን አያውቅም። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ለባለ ብዙ ከብቶች ሸጠው ሄዱ።

እኔ አብዝቼ የማስበው ግን ስለ አንድ ስም ነው። በሰሜን የሚያልፈው ወንዝ ናዮብራራ ይባላል፤ በፖንካና በኦማሃ ሰዎች ቋንቋ የተንጣለለ ውሃ ማለት ነው። ቀያሾቹ ስሙን አኖሩት። ፖንካዎቹን ግን መንግሥት በ1877 አስገድዶ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር አጋዛቸው፤ በዚያም ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ። አለቃቸው ስታንዲንግ ቤር የሞተውን ልጁን በናዮብራራ ዳር ሊቀብር በ1879 በክረምት ተነሥቶ ሲጓዝ ተያዘ። በዚያው ዓመት በኦማሃ ከተማ የተሰየመው ዳኛ፤ ይህ ሰው በሕግ ፊት ሰው ነው ብሎ ለቀቀው።