ወደ ራስ ደጀን ተራራ ስለ ወጡ ሰዎች

ዳዊት በ23ኛው መዝሙሩ ወደ እግዚአብሔር ተራራ የሚወጣው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሲመልስ ግን ያመሰገነው እጁ የነጻውን፥ ልቡም የጠራውን ነው እንጂ አስቀድሞ የወጣውን አይደለም። ለዚህም የራስ ደጀን ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

ከአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ደጀን በስሜን ይገኛል፤ ከፍታው ከ4,530 ሜትር ያልፋል። ርብና ጉማራ ከሚመነጩበት ከእኛው ከጉናም ይበልጣል። ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግሬን ሲገዙ፥ በአውሮፓውያን ቁጥር በ1841 ዓመት፥ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ከጫፉ ደረሱ። የፈረንጅ መጻሕፍትም የተራራውን መውጣት ታሪክ ከእነዚህ ይጀምራሉ።

ነገር ግን ከጫፉ በታች፥ በ4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ የድንጋይ ምሽግ አለ። ያን ድንጋይ የካበ፥ በዚያም ብርድ በጎቹን ያሰማራ ሰው የቀረችውን ጥቂት መንገድ ፈርቶ ተመለሰ ማለት ይከብዳል። ወጥቶም እንደ ሆነ ስሙን የጻፈለት የለም።

ከዚህ እጅግ አስቀድሞ አንድ የአክሱም ንጉሥ ተከዜን ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ፥ የአገሩም አመዳይ ሰውን እስከ ጕልበቱ እንደሚያሰጥም በአዱሊስ በድንጋይ ላይ አስጽፎ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ጽሕፈቱን ሲገለብጥ መጀመሪያው ጠፍቶ ስለ ነበር የንጉሡ ስም አልታወቀም። እንግዲህ እረኛው ሳይጻፍለት ተረሳ፤ ንጉሡም አስጽፎ ሳለ ስሙ ጠፋ። ቀዳሚ መባል እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ከተማችን ደብረ ታቦር ስሙን በወሰደበት ተራራ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ ሊቀመጥ ወደደ። ነገር ግን አልቀረም፤ ከታች የታመመ ልጅ ይጠብቃቸው ነበርና ከጌታው ጋራ ወረደ።

ተራራ ያለው ሹመት ነው፤ አንድም ትምህርት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ከፍ ካለው ስትደርስ መንገዱን ከአንተ በፊት የረገጠውን አስብ፤ ሽማግሌው ሳይሞት ጠይቀህ ስሙን ጻፍለት። ከታች የሚጠብቅህም አለና ለመውረድ አትዘግይ።