ከነቢይ እስከ ትንበያ

ጢቾ ደጋ ናት። ገብስና ስንዴ የሚዘራባት፣ ዝናቡ ቀደመ ወይም ዘገየ ሲባል ጨዋታው ሁሉ ወደዚያው የሚያዘነብልባት አገር። በቀድሞው አርሲ ከነበሩት ሦስት አውራጃዎች ሁለቱ ጭላሎና አርባ ጉጉ ሲባሉ ሦስተኛው በእሷ ስም ይጠራ ነበር። እዚህ ስለሚመጣው ነገር መናገሪያው ቃል አንድ ብቻ አይደለም።

ሬዲዮው «የአየር ሁኔታ ትንበያ» ይላል። የቢሮ ቃል ይምሰል እንጂ ዘሩ ግዕዝ ነው፤ ትንቢትም ትንበያም «ተነበየ» ከሚለው ግስ ወጥተዋል። ቤተ ክርስቲያን ኢሳይያስን «ነቢይ» ስትል፣ መስጊድ የሚሄደው ጎረቤት ነቢዩ መሐመድን «ነቢ» ይላቸዋል። ዕብራይስጡም «ናቪ» ነው። በጥንቱ አካድኛ «ናቡ» መጥራት ማለት ስለሆነ፣ ነቢይን «የተጠራ» ብለው የሚፈቱ ሊቃውንት አሉ።

አማርኛ «ንግርት»ም አለው፤ ገና ያልሆነውን አስቀድሞ እንደተነገረ ይቆጥረዋል። ይህ ቃል ለዙፋንም በቅቷል። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ነበርና፣ ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ስሙን ወሰዱት። ንግርቱ እስኪፈጸም የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም።

የኦሮሞ ሽማግሌዎች ግን መጽሐፍ አይገልጡም። የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግተው፣ የደም ሥሩን መስመር እያዩ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰላምና ስለ ጦርነት ይናገራሉ። አማርኛም እንዲህ ያለውን ሰው «ሞራ ገላጭ» ይለዋል። ሞኝነት ነው ብሎ የሚስቅ ካለ፣ በ1877 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጣሊያን ውስጥ ፒያቼንሳ አጠገብ የተገኘውን የነሐስ ጉበት ያስታውስ፤ የኤትሩስካውያን ጠንቋዮች የበግ ጉበት የሚያነቡበት ካርታ ነው፣ ገጹ በአማልክት ስም ተከፋፍሏል።

«ምልኪ»ን ደግሞ አማርኛና ኦሮምኛ ይጋሩታል። አማርኛ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ «መጥፎ ምልኪ» ሲል ይሰማል፤ ኦሮምኛው ወደ መልካሙ ያደላል፣ ልጅን «ሚልኬሳ» ብሎ እስከ መሰየም።

የሬዲዮውን ትንበያ የሚያወጣው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም የነቢዩን ቃል እንጂ የነቢዩን ድፍረት አልወረሰም። ሞራ ገላጩ «ይዘንባል» ብሎ ይጨርሳል። ሜትሮሎጂ ግን ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ እያካፈለ ይናገራል፤ የበልግ ዘር በእጁ የያዘ ገበሬም ውሳኔውን ከዚያ ቁጥር ማውጣት አለበት።