የአዝማሪው እጅ

አዝማሪ ሲባል መቼም ቀድሞ የሚመጣብን አፉ ነው፤ ሰምና ወርቁ፣ ነገር ማዞሩ፣ እያሳቀ መውጋቱ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ስናስተምርም የምናነሳው ይህንኑ ነበር። ግጥሙ ተለቅሟል፣ ተተንትኗል፣ ፈተናም ወጥቶበታል። ግጥሙን የተሸከመው እጅ ግን ያን ያህል ተመልካች አላገኘም።

ማሲንቆ አንድ አውታር ናት። የፈረስ ጭራ፣ ደጋን፣ ቆዳ የተለበጠ ሳጥን፤ አለቀ። ጣት አውታሩን ይነካል እንጂ እንደ ቫዮሊን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም። ድምፁ የት ቦታ ላይ እንደሚገኝ የሚያውቀው እጁ ብቻ ነው። የአዝማሪ ልጅ ይህን የሚማረው ከኖታ ሳይሆን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ እያየ ነው። እያየ! በጆሮ ብቻ ቢሆንማ ካሴቱ ይበቃን ነበር።

ድምፁ እንኳ ቀደም ብሎ ተይዟል። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሸክላ አስቀርጸዋል። ሲንቲያ ኪምበርሊን የምትባል አሜሪካዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 የዶክትሬት ጥናቷን በሙሉ ለማሲንቆና ለቅኝት ሰጥታለች።

በመካከሉ የሆነው ግን አይረሳም። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተለቅመው እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያ ቀንም 70 መገደላቸውን ለሮም በቴሌግራም አስታወቀ። ፋሺስት የፈራው አፋቸውን ነው። ስንት አጨዋወት አብሮ እንደተቀበረ ማን ይቆጥራል?

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲመጣ እጁን እናያለን ማለት ነበር። ምን ዋጋ አለው! አዝማሪው ዘፈኑን ገታ አድርጎ ማሲንቆውን ብቻውን ሊያናግር ሲል፣ ካሜራው ዘወር ብሎ የእስክስታ ትከሻ ያሳየናል። የካሴትና የቪሲዲ ክሊፑም ከዚህ አልተሻለም።

ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ቅኝቶቹ ከነአገራቸው ነው የሚጠሩት። ኪቦርድ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁሉም አዲስ አበቤ ይሆናሉ። የጎንደሩን እጅ ከወሎው ለይቶ ለማስቀረት፣ ካሜራው ሳይቆራርጥ ከጣቱና ከደጋኑ ላይ መሰንበት አለበት። ደግሞ ቤቱን ይጨምር። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው እስኪያስብ ድረስ ጊዜ የሚገዛለት ያው ደጋኑ ነው። መድረክ ላይ ብቻውን አቁመነው ብንቀርጸው ይህን አናገኘውም። እርግጥ ካሜራ ያየ እንግዳ ስንኙን ይቆጥባል፤ ፖለቲካ ከሆነማ ጭራሹን ይውጠዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ትዕግሥት ብቻ ይመስለኛል፤ ቀራጩ ሌሊቱን ሙሉ፣ ደጋግሞም መምጣት።

ካሴቱ ላይ «ማሲንቆ ተጫዋች፣ ጎንደር» ብሎ መጻፍም ስም አይባልም። የማን ልጅ፣ ከየትኛው መንደር፣ ከማን የተማረ? የቪዲዮ ክርም ያረጃል፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ደግሞ ከእርሱ ቀድሞ ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ወደ ዲጂታል መገልበጥ አለበት። ተገልብጦ አዲስ አበባ ካዝና ውስጥ ከተቆለፈበት ግን፣ ጎንደር ያለው ልጅ ምኑን ያያል? አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ። አሁን በስልክም ይታያል፤ ልጁ የአያቱን ጣት አቁሞ፣ መልሶ፣ አዝግሞ ይየው።