ከዮናስ ዕጣ እስከ ቢንጎ ካርድ

በመርከብ ላይ ዕጣ ተጣለ ቢባል እኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ነቢዩ ዮናስን ነው። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ እንደምንሰማው ማዕበሉ ባየለ ጊዜ መርከበኞቹ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕጣውም በዮናስ ላይ ወጣ፤ ዮናስም ወደ ባሕር ተጣለ። በዛሬዎቹ የሽርሽር መርከቦች ላይ የሚወጣው ዕጣ ግን ማንንም ወደ ባሕር አያስጥልም። ተሳፋሪው ለጉዞው ከከፈለው ሌላ በአሥር ቤት በሚቆጠር ዶላር የቢንጎ ካርድ ይገዛል፤ አጫዋቹ ቁጥር ይጠራል፤ ካርዱ ቀድሞ የሞላለት «ቢንጎ!» ብሎ ይጮኻል።

ቢንጎ ከየት መጣ ቢሉ ሥሩ ጣሊያን ነው። ቶምቦላ የምንለውም ከዚያው የመጣ ቃል ነው። በኔፕልስ እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1734 ንጉሡና አንድ መነኩሴ በሎተሪ ጉዳይ ተከራክረው በገና ሰሞን ሎተሪው እንዲቋረጥ ተደረገ፤ ሕዝቡም ዘጠናውን ቁጥር ይዞ ቤቱ ገባና ከቤተሰቡ ጋር ይጫወተው ጀመር። በአሜሪካ ደግሞ ኤድዊን ሎው የተባለ አሻንጉሊት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ የገጠር ባዛር ላይ ሰዎች በካርድ ላይ የደረቀ ባቄላ እየደረደሩ ሲጫወቱ አይቶ ነው ንግድ ያደረገው ይባላል። (ባቄላ ለጨዋታ! የኛ ልጆች ገበጣ በጠጠር ሲጫወቱ ባቄላው ለንፍሮ ይተርፋል።)

የአሜሪካኑ ካርድ 25 ቤት አለው፤ መሀለኛው ነፃ ነው፤ ቁጥሮቹ የሚወጡት ከ75 ውስጥ ነው። ትልቁን ሽልማት ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ካርዱ በሙሉ በተወሰነ ጥሪ ውስጥ መሞላት አለበት። ገደቡ 50 ጥሪ ቢሆን አንድ ካርድ የመሙላት ዕድሉ ከ212 ሺህ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። መርከቧ ከካርዱ ሽያጭ ሽልማቱን ትከፍልና የቀረውን ትወስዳለች። ተሳፋሪዎች «ያዋጣል? አያዋጣም?» እያሉ የሚከራከሩት በዚህ ነው። «የአንድ ሰዓት ጨዋታ ገዛሁ» ላለ ሰው ያዋጣ ይሆናል፤ ገንዘብ ላገኝ ብሎ ለገባ ግን ሒሳቡ ገና ከመነሻው ተዘግቷል።

ለመሆኑ ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ምናችን ነው? መልሱን ለማግኘት እስከ ምዕራብ ጎጃም መሄድ ሊያስፈልግ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያቋርጣል። በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ አገር ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በመስኮት በኩል ከቆሎና ከሙዝ ጋር የሎተሪ ትኬትም ይዘረጋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሎተሪ ከሚያዞሩት ወጣቶች መካከልም ከጎጃም ገጠር የወጡት ብዙ ናቸው። እንዴት እዚህ ደረሱ የሚለው ነገር ራሱ በዕጣ ታሪክ ውስጥ ያልፋል።

የጎጃም ገበሬ ሎተሪን ከማወቁ በፊት ዕጣን ያውቅ ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ስለ ርስት አጥንቷል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ርስት የሚቆጠረው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት ነው። መሬቱ በዋናው አባት ልጆች፣ ማለትም በምንዝር አባቶች ስም እኩል ይከፈላል። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ሊጠይቅ ስለሚችል ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም፤ የጎጃም ሰው ሙግት አዋቂ ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍያው እኩል ከሆነ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ወንዝ ዳር ያለውን ማን ይውሰድ? ጭንጫውንስ? ይህን የሚቆርጠው ዕጣ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የርስት ዕጣ ማን እንደሚያገኝና ማን እንደሚያጣ አይወስንም። የሚወስነው የቱን እንደሚያገኝ ነው። ዕጣውን የሚያስጥለው ሽማግሌም ከመሬቱ ላይ ለራሱ ቆርሶ የሚያስቀር አጫዋች አልነበረም። ይህን ስል የርስት ዘመን ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ጉልበተኛው ተከራክሮ ድርሻ የሚያበዛበት፣ ርስት የሌለው ሸማኔና ቀጥቃጭ ከዕጣው ውጭ የሚቆምበት ዘመን ነበር። ዕጣው ራሱ ግን ንጹሕ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚደለድለው የገበሬ ማኅበር ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል እንደገና ድልድል ተካሄደ፤ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሹመት ያገለገሉት «ቢሮክራት» ተብለው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። በየቀበሌው የተነሣው ቅሬታ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ለኛ ጉዳይ የሚበቃው ያ ትልቅ ድልድል ከዚያ ወዲህ አለመደገሙ ነው። በ1989 ሕፃን የነበረ ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ማሳ ላይ ቁራሽ ካልተሰጠው በቀር ዕጣ የለውም። ከወንድሞቹ ጋር ከሦስት ጥማድ ላይ ተካፍሎ ከሚኖር ወደ ከተማ ይወጣል። በከተማ ያለ ብዙ መነሻ ገንዘብ ከሚጀመሩት ሥራዎች አንዱ ሎተሪ ማዞር ነው። ዕጣ ያልደረሰው ልጅ ዕጣ ይሸጣል።

ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። በእንቁጣጣሽ ሎተሪ ዋዜማ አዟሪው በየካፌው ሲዞር «የማይሞክር አያገኝም» የማይል የለም። እውነት ነው፤ የሞከረው ሁሉ ግን በድምሩ ከከፈለው ያነሰ ነው የሚያገኘው። ሎተሪ እንዲህ ካልሆነ ሎተሪ አይሆንም። ከሽያጩ ሽልማቱ፣ የአዟሪው ኮሚሽን፣ የኅትመቱ ወጪና የመንግሥት ገቢ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ሙከራ ሽልማት ላይ 15 ከመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ቶምቦላውም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ወይም ለስፖርት ክለብ የተዘጋጀ ሲሆን ገዢው መኪናው እንደማይደርሰው እያወቀ መግዛቱ ነው። እንዲህ ያለውን መዋጮ ልንለው እንችላለን፤ ቅር የሚያሰኝም አይደለም።

ቅር የሚያሰኘው በርበሬውን ሸጦ ከገበያ የተመለሰ ሰው ለማዳበሪያ ያሰበውን ብር በትኬት ሲቀይረው ነው። ለመርከቡ ተሳፋሪ የካርዱ ዋጋ ከእረፍት ገንዘቡ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ቢከስር እራቱ አይቀርበትም። ቲኬቱ ያው ቲኬት፣ ዕድሉም ያው ዕድል ሆኖ ዋጋው ግን ለሁለቱ አንድ አይደለም። ስለዚህ «ያዋጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው እኔ መልሼ «ከየትኛው ኪስህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ከርስቱ ዕጣ ጋር የሚመሳሰለው እንግዲህ ዕቁብ ነው። 20 ሰዎች በወር 500 ብር ቢጥሉ በየወሩ 10,000 ብር ለአንዱ ይወጣል፤ በ20 ወር ሁሉም ይደርሳቸዋል። ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። ቀድሞ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ ዋስ የሚጠራውም ለዚህ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ያለ ወለድ ሲያጠራቅም ኖረ፤ ኑሮ በተወደደ ጊዜ የሱ 10,000 ብር የፊተኛው የገዛውን ያህል አይገዛም። ገንዘቡ የቸኮለበት ሰው ዕጣውን ከደረሰው ላይ በቅናሽ የሚገዛበትም ጊዜ አለ። እንከን የለውም አይባልም፤ ሆኖም ዳኛውና ጸሐፊው ቢጠቀሙ እንኳ የሚጠቀሙት ሁሉም አይቶና ተስማምቶ ነው።

ሎተሪ አዟሪዎቹም ዕቁብ ይጥላሉ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ዕድል በእጃቸው ይዘው ሲዞሩ ይውሉና ማታ ከኮሚሽናቸው ላይ ቆርጠው ለዕቁቡ ሰብሳቢ ይሰጣሉ። ተራው የደረሰው አንዱ ለዘር ወይም ለግብር ወደ ቤቱ ይልካል፤ ሌላው ጫማና ጃኬት ይገዛል፤ ጠንከር ያለው ደግሞ ትኬቱን ትቶ የሶፍትና የማስቲካ ጠረጴዛ ይተክላል።