ሂስቶንና አንዲት የመድኃኒት ማዘዣ

በሁለተኛ ዓመት ባዮኬሚስትሪ ስለ ሂስቶን የተማርነው ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ እየተዘዋወርን «ዲኤንኤ የሚጠመጠምበት ፕሮቲን» ብለን ሸመደድን፣ ነጥባችንን ይዘን አለፍን። ወደዚያ ገጽ የመለሰችኝ ከተመረቅሁ ከዓመታት በኋላ ያከምኳት አንዲት ልጅ ናት።

ሂስቶንን እ.ኤ.አ. በ1884 ከዝይ ደም ያገኘው ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን እንደ ማሸጊያ ዕቃ ነበር የሚቆጠረው። በ1964 ቪንሰንት ኦልፍሪና ባልደረቦቹ ሂስቶን ላይ አሴቲል ሲለጠፍ የጂን ንባብን የመግታት ኃይሉ እንደሚቀንስ አሳዩ። በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ ስምንት ሂስቶኖች ተሰባስበው ዲኤንኤው እንደሚዞርባቸው ገለጸ፤ በ1997 ደግሞ እነ ካሮሊን ሉገር የኒውክሊዮሶሙን ቅርጽ አቶም በአቶም አወጡት።

ሸማኔ ማጉን በቀሰም ላይ ሲያጠነጥን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ ክሩን የሚይዘው የኤሌክትሪክ ቻርጅ መሆኑ ነው፤ የሂስቶን ላይሲኖች ፖዘቲቭ፣ ዲኤንኤው ኔጋቲቭ። አሴቲል ሲለጠፍ የላይሲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይጠፋል፣ መያዣው ይላላል። ግን የትም ቢለጠፍ አንድ አይደለም (ይህን እኛ ጨርሶ አልተማርነውም)። ኤች 4 ጅራት ላይ፣ 16ኛው ላይሲን ላይ ሲሆን፣ ኒውክሊዮሶሙ ራሱ ብዙም ሳይናጋ ከጎረቤቱ ጋር ተጠጋግቶ መታጠፍ ያቅተዋል። ኤች 3 ላይ 56ኛው ላይ ሲሆን ዲኤንኤው በሚገባበትና በሚወጣበት ጫፍ ቶሎ ቶሎ ይላቀቃል። 122ኛው ላይ፣ መሐል ወገቡ ላይ ሲሆን ግን ኒውክሊዮሶሙ ራሱ ይዳከማል።

አሴቲሉን የሚያነሱ ኤንዛይሞችም አሉ። በ2001፣ እኛ ያንን ገጽ ስንሸመድድ፣ ቫልፕሮይክ አሲድ እነዚህን ኤንዛይሞች እንደሚያግድ ታወቀ። መድኃኒቱ በ1882 የተሠራ፣ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ማሟሚያ ብቻ የነበረ ፈሳሽ ነው። የሚጥል በሽታን እንደሚያቆም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ በአጋጣሚ ተገኘ። በ1982 ደግሞ ከዚያው አገር፣ መድኃኒቱን ከወሰዱ እናቶች አከርካሪያቸው ሳይገጥም የተወለዱ ሕፃናት ሪፖርት መጣ። አደጋው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው።

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፌኖባርቢታል አልያዘላትም፤ ቫልፕሮይክ አሲድ ጻፍኩላት። ልታገባ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ግን ሰበብ አይሆነኝም። በሁለተኛው ዓመት ሕፃን አዝላ መጣች፤ የሕፃኑ ወገብ ላይ ክፍተት ነበር። እሷ ልታመሰግነኝ ነበር የመጣችው። «ዶክተር፣ እርስዎ ካዘዙልኝ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልጣለኝም» አለችኝ።

መድኃኒቱ ነው ብዬ መማል አልችልም። በአገራችን ይህ ጉዳት ያለ ቫልፕሮይክ አሲድም ብዙ ነው፤ የፎሌት እጥረቱንም ታውቁታላችሁ። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ ግን በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን ገና ሳታውቅ። ስለዚህ ጥያቄው መጠየቅ የነበረበት ማዘዣውን ስጽፍ ነበር።

ዛሬ ሁለተኛ ዓመት የምታስተምሩ የባቼ ልጆች አላችሁ። ያ ገጽ ላይ ስትደርሱ ቫልፕሮይክ አሲድን አብራችሁ ጻፉበት።